«ልጄ አያስቸግርም» የሚሉ እናቶች

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አብረውኝ የሠሩ ወጣት ነርሶች ባሮ ዳር ወስደው አሳ ጋበዙኝ። ከመሃላቸው አንዷ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ አሳውን በጣቷ እየፈለቀቀች «ሲስተር ትርንጎ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ በጣም የፈሩት በሽታ ምንድን ነው?» አለችኝ። ወባ እንድላት ጠብቃለች። ጋምቤላ ላይ ፀጉሩ የሸበተ የጤና ሰው ሌላ ምን ይላል?

«ጥሩ ልጅ» አልኳት።

ተሳሳቁ። አሮጊቷ መዘባረቅ ጀመረች ብለው ይሆናል። እኔም በእነሱ ዕድሜ ብሆን እስቅ ነበር። ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት ሌላዋ ፎቶ እንነሳ አለች፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ ከሄድኩ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆጠቁጠኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው።

የተወለድኩት ጎሬ ነው። ጎሬ ጉም ነው፣ ጭቃ ነው። ነርስነት ተምሬ የመጀመሪያ ምደባዬ ጋምቤላ ቆላ፣ ጎግ ሲሆን እናቴ የጎሬን ብርድ ብቻ ስለምታውቅ ወፍራም ሹራብ አልብሳ ሸኘችኝ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሹራቡን ለማውለቅ አፍሬ ጤና ጣቢያው ድረስ ይዤው ገባሁ። ያየኝ ሁሉ ሳቀ፤ ደመወዝ ከመብላቴ በፊት «ሹራቧ» የሚል ስም አወጡልኝ።

ጎግ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው፣ ሰው በቋንቋህ ስላልተናገረ የሚናገረው የለውም ማለት እንዳልሆነ ነው። እዚያ አማርኛ የሁሉም ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የኛ «እርስዎ» እና «አንተ» ብዙም አያሳስባቸውም፣ ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ብለው ይገላገላሉ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ በኋላ ወደድኩት። ሁለተኛው፣ ዘግይቼ የጣልኩት ትምህርት፣ የማያለቅስ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው የሚለው ነው። ለክትባት የተሰለፈው ሕፃን ሁሉ ሲጮህ አንዱ ተኝቶ መርፌውን ከወሰደ «እሰይ የኔ ጨዋ» እንል ነበር። እናትየዋ ትኮራለች። እኛም እናርፋለን።

ከዚያ ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ወደ ሆስፒታል ተዛወርኩ። የሕፃናት ክፍሉ አለቃችን ሜትረን እታገኝ የምትባል ሴት ነበረች። እግዜር ነፍሷን ይማርና፣ ጸጥታ የምታመልክ ሴት ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ሰው ጫማውን ጎትቶ ከሄደ በዐይኗ ታቃጥለዋለች። ከጤና ቢሮ ጎብኚ ሲመጣ ዝምተኞቹን ሕፃናት በሩ አጠገብ ታስተኛለች፣ ጯሂዎቹን ከነእናቶቻቸው ጓሮ ማንጎው ሥር ታስወጣለች። ጎብኚው «ኧረ ምን ዓይነት የተያዘ ክፍል ነው» ይላል። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እየተባባልን እንሠራለን። አሁን ያንን ተረት የሚጠቅስብኝ ሰው ካለ እሟገተዋለሁ። ሕፃን ላይ ዝምታ ይነቅዛል።

ይህን ያሳየኝ ዶክተር ኡጁሉ ነው።

ዶክተር ኡጁሉ የአቦቦ ልጅ፣ አኝዋክ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክፍላችን ገባና ስንት ለፍተን ያስተኛነውን ሕፃን ተረከዝ በጣቱ ቀጭ አደረገው። ሕፃኑ ጮኸ። ሌላውንም ቀጭ። ጮኸ። ሜትረን እታገኝ ከወንበሯ ተነሳች።

«ዶክተር! ምን አደረጉ እነዚህ ልጆች?»

«ድምፃቸውን ልስማ ብዬ ነው፣ ሜትረን።»

«ድምፃቸውንማ ከገቡ ጀምሮ ሰምተነዋል!»

«የሁሉንም አልሰማችሁም» አለና ወደ በሩ ሄደ፤ ያ ዝምተኞቹ የተደረደሩበት ጋ።

እናቶቹ «አስለቃሹ» አሉት። ስሙ ከተማውን አዳረሰ፤ ገበያ ሲሄድ ሳይቀር ሕፃን ያዘለች ሴት ካየችው ፈገግ ብላ ልጇን ትሸሽግ ነበር። እሱ ግን አልተወም። ለሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። እጁን ይታጠባል፣ በእጆቹ መካከል አሽቶ ያሞቃል፣ የሕፃኑ ልብስ ሳይወልቅ በፊት የእጁን ጀርባ ሆዱ ላይ፣ ቀጥሎ እግሩ ላይ ያሳርፋል። በኋላ እርግብግቢቱን፣ በፊቱም በማጅራቱ በኩልም ያለውን። በኋላ ምላሱን። በኋላ እትብቱን። ጥቁር ቆዳ ላይ ቢጫነት ይደበቃል ብሎ ዐይኑንና ድዱን፣ መዳፉንና ውስጥ እግሩን መስኮት ዳር ወስዶ ያያል፤ በአምፑል ብርሃን ያየሁትን አላምንም ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ማስለቀስ ነው። ሲያስለቅስ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። የጤነኛ ሕፃን ለቅሶ ቀጭን ነው፣ ይወጋል። የሚፈልገው ሌላውን፣ የጎረነነውን፣ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚመስለውን ነበር።

ከሁሉም በላይ የማረከኝ ግን ጥያቄው ነው። እኛ እናትን «ምን ሆነ?» ብለን ነው የምንጠይቃት። እሱ ያንን ከጨረሰ በኋላ እስክሪብቶውን ኪሱ ይከትና «የሚያሳስብሽን ነገርሽኝ። አሁን ደግሞ ስለ ልጅሽ የሚያስደስትሽን ንገሪኝ» ይላል። ሴቶቹ ያፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። «አያስቸግርም።» «ሌሊት አይነሳም።» «ሌላው ልጅ በዚህ ወበቅ ሲያልበው ይሄ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ስታቅፈው ደስ ይላል።» «ሰገራ አያበዛም፣ ጨርቅ አያስጥበኝም።» በእነዚህ ምስጋናዎች ውስጥ ነበር በሽታውን አነፍንፎ የሚያገኘው።

በሽታው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። አንገታችን ላይ፣ እንቅርት የሚወጣበት ቦታ፣ ታይሮይድ የሚሏት ዕጢ አለች። ከእሷ የሚወጣው ሆርሞን ለሰውነት እንደ እሳት ነው፤ ያሞቃል፣ ያሳድጋል፣ የሕፃኑን አንጎል ያበስላል። አልፎ አልፎ አንድ ሕፃን ያለ እሷ ይወለዳል፣ ወይም ትኖርና ሥራዋን አትሠራም። ሲወለድ ደህና ይመስላል፣ እናቱ ሆድ ሳለ ከእናቱ ሲካፈል ኖሯልና። ከወጣ በኋላ እሳቱ እየጠፋ ይሄዳል። አያለቅስም፣ ይተኛል፣ ጡት ላይ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቢጫነቱ ቶሎ አይለቅም፣ ምላሱ ይወፍራል። ቤተሰቡ ይመርቀዋል፣ አንጎሉ ደግሞ በዚያው ልክ ጊዜ ያልፈዋል። መድኃኒቱ ትንሽ ኪኒን ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረች ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል። ከዘገየች ሰውነቱን ታነሣለች፣ ያለፈውን የአንጎል ጊዜ ግን አትመልስም።

ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በወረቀት ማንበብና በዐይን ማየት ለየቅል ነው። እኔ ያየሁት በኡባንግ ነው።

ኡባንግን አባቱ አቶ አግዋ ከጎግ አዝሎት መጣ። ጎግን ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን የመጣበትን ሰፈር አውቀዋለሁ። ልጁ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቁመቱ የአንድ ዓመት ልጅ ነው። ፊቱ ያበጠ፣ ቆዳው ሻካራ፣ ምላሱ ወጣ ያለ፣ ሆዱ የተነፋ። አይቆምም። አባቱ ያመጣው ለሆዱ ድርቀት ነው። ዶክተር ኡጁሉ በአኝዋክኛ ያቺን ጥያቄውን ጠየቀው። አቶ አግዋ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «ሲወለድ በጣም ጥሩ ልጅ ነበር» አለ፤ እኔ እንድሰማ አማርኛውንም ደገመልኝ። «አያለቅስም። ክትባት ስንወስደው ሁሉም ሰው አመሰገነ።»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኪኒኑ ተጀመረ። ወይ ተአምር! በጥቂት ጊዜ ሆዱ ተከፈተ፣ ቆዳው ለሰለሰ፣ እብጠቱ ወርዶ መልኩ ወጣ፤ ለካ ቁርጥ አባቱን ነው። ቆመ። ቀጥሎ ሄደ። አቶ አግዋ በመጣ ቁጥር ደስታው አይጣል ነው፤ አንድ ጊዜ ማር ይዞልን መጣ፣ ሌላ ጊዜ ልጁን መሬት አውርዶ «ሂድ ለሲስተር አሳያት» ብሎ ኮሪደሩ ላይ አስኬደው። አስታማሚዎች ሁሉ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ልቤ ግን አብሮኝ አልነበረም። ሰውየው በልቡ ቅደም ተከተል አውጥቷል። መጀመሪያ ሆዱ፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ አፉ። ሁለቱ ከመጡ ሦስተኛው የማይመጣበት ምክንያት አይታየውም።

«ቃሉ መቼ ይመጣል?» ይለኛል።

«እንጠብቅ፣ አቶ አግዋ።»

ጠበቅን። ሁለት ሦስት ቃል መጣ። «ውሃ» ይላል በቋንቋው፣ አባቱን ይጠራል። ከዚያ ቃሉ ቆመ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አንድ ቀን ዶክተር ኡጁሉ አስቀመጠውና እውነቱን ነገረው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ቋንቋው ብዙ አይገባኝም፣ ግን የሰውየው ትከሻ ሲወርድ አየሁ። ዶክተሩ ሲጨርስ አቶ አግዋ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ «ያኔ ሲያመሰግኑት ብታውቁ ኖሮ ይናገር ነበር?» አለኝ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ምላሴን ነከስኩት። «አዎ» አልኩት። ውሸት ልነግረው አልቻልኩም። ልጁን አዘለ፣ መሄድ የሚችለውን ልጅ፣ አዝሎት ወጣ። እኔ ስቶር ገብቼ የካርቶን ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንም አላባበለኝም፣ ደግ አደረጉ። ያን ዕለት ሜትረን እታገኝ ሁሉንም ሰምታ ነበርና በማግስቱ ስንገባ ዝምተኞቹን ሕፃናት ከበሩ አጠገብ አንስታለች። ከዚያ ወዲህ እሷም ተረከዝ መምታት ጀመረች፤ ያውም ከዶክተሩ ይልቅ የእሷ ጠበቅ ይላል።

ኡባንግ አሁን ጎልማሳ ነው። ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ ይውላል፣ ኪኒኑን ይወስዳል። ሰላም ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ መናገር አልፈልግም።

ወደ ኢታንግ ልሂድ። ወደ ሥራዬ መጨረሻ አካባቢ ወደ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ልዛወር ደብዳቤዬ ወጥቶ ዕቃዬን በምሸክፍበት ሳምንት አንዲት የኑዌር ሴት መንታ ሴቶች ይዛ ሆስፒታል መጣች። ስሟ ኛማል ነው። የመጣችው ስለ አንደኛዋ፣ ስለ ኛቦት ነው። አማርኛ ትችላለች፣ በራሷ መንገድ።

«ይቺ ትጮሃለች» አለች። «ቀን ትጮሃለች። ማታ ትጮሃለች። አማቴ ጆሮ የላትም አሁን።»

ዶክተር ኡጁሉ ኛቦትን አየ፤ ጤነኛ ናት፣ ሳንባዋ የሚያስቀና። ከዚያ ሁለተኛዋን ጠቆመና «ስለዚህችስ?» አለ።

«ኛዱዎት?» ኛማል ፊቷ በራ። «ኛዱዎት ጥሩ ናት። አታስቸግርም። ትተኛለች ብቻ።»

ከዶክተሩ ጋር ተያየን። ቀኑ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት የሚንጫጫበት የጋምቤላ የመጋቢት ቀን ነበር፤ እኛ ላባችን ይንጠባጠባል። «ንኪያቸው» አለኝ። እጄን አሞቅሁ፣ አንዱን እጄን ኛቦት ሆድ ላይ፣ ሌላውን ኛዱዎት ሆድ ላይ አሳረፍኩ። ኛቦት ትፋጃለች። ኛዱዎት ውሃ የተቀዳበት እንስራ ናት። መስኮት ዳር ወሰድናት፤ ውስጥ እግሯ ቢጫ ነው። ተረከዟን ቀጭ ሳደርጋት ዘግይታ፣ በጎርናና ድምፅ አንዴ እኝ አለችና ተወችው። ገና አራስ ልጅ ናት።

ደም ወስደን በበረዶ ሳጥን በአውሮፕላን አዲስ አበባ ላክን። ዶክተሩ ግን ውጤቱን አልጠበቀም። «ውጤት እስኪመጣ አንጎሏን ወረፋ አናስይዘውም» ብሎ በየቀኑ ግማሽ ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኗን ገበያ ውስጥ ያለው ፋርማሲ ባለቤት ሐጂ ሙክታር ነበር የሚያስመጣልን፤ ከእኛ በቀር የሚገዛው የሌለ መድኃኒት ነው፣ ግን አንድም ቀን አልቋል ብሎን አያውቅም። ኛማልን አሳየኋት፤ ግማሹን በማንኪያ ደቁሺው፣ ከጡትሽ ጥቂት አልቢበት፣ በባዶ ሆዷ አጠጫት። በላም ወተት አይሆንም። ጠርሙሱን ፀሐይ አታሳዪው። ሁሉንም ደግማ አለችልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ውጤቱ መጣ፤ ነው። የዶክተሩ ጥርጣሬ ልክ ነው። እኔም ኢታንግ ገባሁ፣ ኛማልም የኢታንግ ሰው ስለሆነች ክትትሏ በእጄ ወደቀ።

አሁን የሚገርመው። ልጅቷ ተሻላት፣ ግን አልዳነችም። ቢጫነቱ ለቀቃት፣ ሆዷ መጠነኛ ሆነ። ሆኖም ትተኛለች። ስነካት አሁንም ቀዝቀዝ ያለች ናት። ደሟ እንደገና አዲስ አበባ ሄዶ መድኃኒቱ አልበቃትም ብሎ ተመለሰ። እኔ በየጊዜው የቀረውን ኪኒን አያለሁ፤ ልክ ነው፣ አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም። ጠርሙሱ ጥላ ውስጥ፣ እንስራው ሥር ነው የሚቀመጠው። እናትየዋ የምትዋሽ ሴት አይደለችም። ሳምንቶቹ ደግሞ ያልፋሉ። ሌሊት ሌሊት የአቶ አግዋ ትከሻ ይታየኝ ጀመር።

ለዶክተር ኡጁሉ ደወልኩለት። «መጠኑን ልጨምር?»

«አትጨምሪ» አለ። «ስትሰጥ አይተሻታል?»

«ነግራኛለች እኮ። ኪኒኑም...»

«ኪኒኑን ተዪው። ስትሰጥ እዪ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳይመን የሚባል ኑዌር ባልደረባዬን፣ ነርስ ነው፣ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ከብቶቹ ገና አልወጡም፤ የኩበት ጭሱ ዐይን ያቃጥላል። አማትየዋ ጎጆው በር ላይ ረጅም ፒፓዋን ይዛ ተቀምጣለች። ኛማል እኛን ስታይ ደስ አላት፣ ሥራዋን አላቋረጠችም። እጇን ታጠበች። ግማሹን ኪኒን በሁለት ማንኪያ መካከል አድርጋ ደቆሰች፤ እንደኔ አድርጋ፣ ከኔም አሳምራ። ከጡቷ አለበችበት። ኛዱዎትን አቀፈች፣ ግማሹን አጠጣቻት። ከዚያ አስቀመጠቻትና ኛቦትን አንስታ የቀረውን ለእሷ አጠጣቻት።

እኔ ፈነዳሁ። ያቺ ግልፍተኛ ጠባዬ አልተወችኝም። «እንዴ! ምን እየሠራሽ ነው አንቺ? ለአንዷ ነው ያልኩሽ! ለአንዷ!»

ኛማል ደነገጠች። ማንኪያው በእጇ ነው። «ዶክተር ለኛዱዎት ስጪ አለ» አለች። «እኔ ለኛዱዎት ሰጠሁ። ኛቦትም ኛዱዎት ናት።»

አማትየዋ ፒፓዋን ከአፏ አውጥታ በኑዌርኛ ወረደችብኝ። ሳይመን መሬት መሬት እያየ ተረጎመልኝ። «በሰው ቤት ማለዳ የምትጮህ ምን ዓይነት ሴት ናት ትላለች። ሁለት ሬሳ ልትሰጪን ነው የመጣሽው ትላለች።»

«ምን ማለቷ ነው?»

«ሲስተር፣ በእኛ መንታ አንድ ሰው ነው። አካሉ ሁለት፣ ሰውየው አንድ። ለአንዷ የሰጡትን ለሌላዋ አይነሷትም። የተነፈገችው ከተቀየመች ትሄዳለች። ይቺም ተከትላ ትሄዳለች። ትሞታለች ማለት ነው። ሁሉ ቤት አይደለም፣ የድሮ ሰዎች እንደዚህ ያምናሉ።»

«አንተስ?»

«እኔ ነርስ ነኝ» አለ። ቀጥሎም «መንታ የለኝም» አለ።

ቁጭ አልኩ። ሌላ ምን ላድርግ? አሮጊቷ ለልጅ ልጆቿ ነፍስ ነው የምትከራከረኝ፣ እኔም እንደዚያው። አንዳችንም ሞኝ አይደለንም። «እማማ፣ ስለጮህኩ ይቅር በይኝ» አልኳት፤ ሳይመን ተረጎመ። አንገቷን ወዲያ አዞረች። እንግዲህ አንገት ካዞረች በአንገት ልግባ አልኩና ወደ ልጆቹ ተጠጋሁ። የኛቦትን አንገት በጣቴ ነካሁ።

«እዚህ ውስጥ ኛቦት ላም አለቻት። ትንሽ ላም። ቀን ከሌት ትታለባለች፣ ኛቦት ትጠጣለች። ለዚህ ነው የምትሞቀው፣ ለዚህ ነው የምትጮኸው። ኛዱዎት ላሟ ነጥፋለች። ኪኒኑ የነጠፈችው ላም ወተት ነው።»

አሮጊቷ ይህን ስትሰማ ዞረች። ስለ ላም ሲወራ ዝም የምትል የኑዌር አሮጊት አላየሁም። በሳይመን በኩል ጠየቀችኝ። «ታዲያ ኛቦት ከላሟ ለምን አታካፍላትም?»

«ላሚቱ ከአንገቷ አትወጣም፣ እማማ። ብትወጣ ኖሮ እኔ ራሴ አልቤ አካፍል ነበር።»

ሳቀች። ጥርስ የላትም፣ ግን ሳቋ ያምራል። ከዚያ ሳቋ ቆመና ሁለቱን ሕፃናት በየተራ አየቻቸው። ለኛማል አንድ ነገር አለቻት። ኛማል ማንኪያውን አስቀመጠች፣ ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ምን አለቻት?» አልኩት ሳይመንን።

«እስከ ዛሬ ኛቦትን ሁለት ጊዜ አጠጣን፣ ኛዱዎትን ግማሽ አለቻት። አበላለጥናቸው አለች።»

እኔ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ አሮጊቷ በራሷ ሚዛን ደረሰችበት። እነሱ እኮ እኩል ሊያደርጓቸው ነው የለፉት።

ግን ነገሩ አላለቀም። ኛቦት ባዶ አፏን ቁጭ ብላ እህቷ ስትጠጣ ልታይ ነው? ይሄ አይሆንም። አማትየዋ አይሆንም አለች፣ እኔም አይሆንም አልኩ። መፍትሔውን ኛማል አመጣችው። ከጡቷ በሌላው ማንኪያ አለበች፣ ኪኒን የሌለበት፣ ለኛቦት አጠጣቻት። «ወተቱ የሁለቱ ነው» አለች። «ማንኪያው ሁለት ነው። አፍ ሁለት ነው። ኪኒኑ የላሟ ነው።» አሮጊቷ ፒፓዋን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ተስማማች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላየሁት አላምነውም ነበር። ኛዱዎት ማልቀስ ጀመረች። ኛማል ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጣ መጥታ «ጮኸች! ኛዱዎት ጮኸች!» እያለች ለካርድ ክፍሉ፣ ለዘበኛው፣ ለሁሉም ታወራለች። ሌላ ሰው ያበደች መስሎት ነበር። ለዶክተር ኡጁሉ ስደውልለት «ቀጭን ነው ድምፁ?» አለኝ። «ይወጋል» አልኩት። በበጋ የኛማል ቤተሰብ ከብት ተከትሎ ወደ ሣር ሲወርድ የበጋውን ኪኒን በሙሉ አስይዤ እሸኛቸዋለሁ፣ ባሮ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ በጀልባ እልካለሁ። ቀጣዩ የደም ውጤት ጥሩ ሆኖ መጣ፣ የሚቀጥለውም።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣም። በግማሹ ግማሽ ያለፉት ሳምንቶች ምን ወስደውባት ይሆን? የሚያውቅ የለም። ደም አይናገረውም። ዶክተር ኡጁሉንም ጠይቄው «ስታድግ እናያለን» ብቻ ነው ያለኝ። እሱ አሁን ጡረታ ወጥቶ አቦቦ ማንጎ ይተክላል። ዛሬ ሥራው ተለውጧል፤ ወጣቶቹ ነርሶች ሁሉን ነገር ስልካቸው ላይ ያነባሉ። ሌላ አገር የተወለደ ሕፃን ሁሉ ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ገና ሳይታመም ይታወቃል፤ እኛ ጋ ለሁሉም ሕፃን እስኪደርስ ድረስ ግን የነርስ እጅ ነው ያለው። እጃችሁን አሙቁ፣ እናትን የሚያስደስታትን ጠይቁ። ባሮ ዳር ልላቸው የነበረው ይኸው ነው።

ባለፈው ወር ኢታንግ ሄድኩ። የመንግሥት ሥራ የለኝም፣ መኪና አይጠብቀኝም፣ ስለዚህ ፈራ ተባ እያልኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መንታዎቹ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ለመምህራቸው፣ ከመሃል አገር ለመጣ ወጣት፣ ማንነቴን ነገርኩትና ስለ ኛዱዎት ጠየቅሁት።

«ኛዱዎት በሒሳብ ደከም ትላለች፣ እማማ» አለ። «ኛቦት ትበልጣታለች።»

ሳምንቶቹ ናቸው አልኩ በሆዴ። ደግሞ ምን ዐውቃለሁ? እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር፣ የኔን ዕጢ ማንም አልወቀሰም። «ልየው ደብተሯን» ስል መምህሩ ራሱን እያከከ «ደብተሯ እንኳን ሁሉም ልክ ነው፣ ችግሩ እሱ ነው» አለ።

ዕረፍት ሲሆኑ መጡ። ሁለቱም ቀጫጫ፣ እግረ ረጃጅም። አንዷ ዝም ብላ ከኋላ ቆመች። ሌላዋ ፊት ለፊቴ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ኛዱዎት አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ። አንቺ ማን ነሽ?»

«ሲስተር ትርንጎ። ሕፃን ሳለሽ አውቅሻለሁ። ሒሳብ አትወጂም አሉ። ደብተርሽ ግን እንዴት ልክ ሆነ?»

መምህሩን በዐይኗ ፈለገችው፤ ሩቅ ነው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ዋጋ እንደምትነግር ነጋዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሒሳብ ኛቦት ትሠራለች። ለእኔም ትሠራለች። ኛቦት ትልልቅ ልጆች ትፈራለች፣ አፍ የላትም። እኔ ደግሞ ጠብ እሠራለሁ። ለሁለታችን።» ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ለመምህር ከነገርሽ፣ አንቺንም እጣላሻለሁ።»

መሃላዬን ተቀብላ ሄደች። አልነግርም ብዬ ማልኩላት፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንባዬ እየወረደ።